አንካሳዋ «ለ»

ሁለቱም እግሮቹ ደህና ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «አንካሳው» ሲባል የኖረው በፊደል ምክንያት ነው። በብር ጌጥ ላይ ስም ሲቀርጽ «ለ» ታነክስበት ነበር፤ ቀኝ እግሯ ከግራዋ ታጥርና ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። ገበያተኛው ግን ወደዳት። «አንካሳው ቤት ወስደህ አስቀርጸው» ይባባል ነበር። እሱም ከሚስቀው ሁሉ ጋር እየሳቀ አንጀቱ ያርራል።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ተነሣና ትምህርት ገባ። ከሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ቅርጽ ዓይነቶችን የምታስተምር ሴት አለች፤ ዕድሜዋ ከልጁ አይበልጥም። የመጀመሪያው ቀን «የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት እንዲያው ለማየት ያህል ነው» አላት።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው። «መቅረጫውን የያዙት እንደ ማንኪያ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ቤተሰብ ያበላበት ማንኪያ መሆኑን ሊነግራት አስቦ ተወው።

ተማረ፤ ይኼን ማንም አይክደውም። ጠልቆ የሚቆረጠውን ሐረግ፣ ዙሪያው ተፍቆ አበባው ብቻ ጎልቶ የሚቀረውን፣ ደግሞ በሺህ ነጥብ ጥላ የሚጣልበትን። መጀመሪያ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበት። በስምንተኛው ወር ግን እጁ አልመለስ አለና ሚስቱ አንድ ጠዋት ጭልፋዋን ሐረግ ተቀርጾበት አገኘችው። «ድስቱን ደግሞ እንዳትነካብኝ» አለችው። ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሰቀለ። «ለ» አሁን እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «የአንካሳው ቤት ይኼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ «ድኗል» ይለዋል።

ታላቅ እህቱ የመጣችው ሰኞ ነው። ከመሐረብ ውስጥ አንድ የብር አምባር ፈታች። «ለልጄ» ይላል። ጀማሪ ሳለ እናታቸው ለእሷ ብላ ጥንድ ያስቀረጸችው፣ የእጁ የመጀመሪያ ሥራ ነው። አንደኛው ልብስ ስታጥብ ሾልኮ ቱቦ ገብቶ ቀርቷል።

«ልጄ ሐሙስ ለትምህርት ርቃ ትሄዳለች» አለች። «እናታችን እንዳደረገችልኝ ጥንዱን አድርጌላት ነው የምሸኛት። የጠፋውን ሥራልኝ፤ ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንካሳዋን እንዳትረሳት።»

«እትዬ፣ ይኼ የጀማሪ ሥራ ነው እኮ። ሁለቱንም አሳምሬ እንደ አዲስ ልሥራልሽ።»

«ያማረ ከፈለግሁማ ሱቁ ሞልቷል።»

ቀላል መስሎት ቁርጥራጭ መዳብ ላይ ሞከረ። «ለ» ቀጥ ብላ ቆመች። ሆን ብሎ እግሯን አሳጠረው፤ ከሥራ ለመቅረት እግሬን አመመኝ የሚል ሰው መሰለች። ሲያስታምማት ባሰባት። ማክሰኞ ሲመሽ ጠረጴዛው በመዳብ ተሞልቶ አንዲትም ከልቧ የምታነክስ አልነበረችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው። ፈራ። እናቱ አመስግናው የሞተችው ያንን እጁን ነበር፤ እሱ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ለፍቶ አጠፋው።

ረቡዕ ጠዋት አሮጌውን አምባርና ያልተቀረጹ ሁለት አዲስ አምባሮች ይዞ ፎቁን ወጣ። መምህርቷ አሮጌውን በማጉያ መነጽሯ ረጅም ጊዜ መረመረችው።

«የማን እጅ ነው ጋሼ?»

«የአንድ የማውቀው ሰው።»

«አዩ፣ እዚህ ጋ ትንፋሹን ይይዝና መጨረሻዋ ላይ ይለቀዋል። ይኼማ ራሱን የቻለ ስልት ነው። ለተማሪዎቼ ባሳየው ሰውየውን ይከፋው ይሆን?»

«ድኗል» ሊል ብሎ «አይከፋውም» አላት።

እንደዚያው አድርጋ እንድታሳየው ለመናትና፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ አንዱን፣ እሱ ሌላውን ቀረጹ። እሱ ላቡ ጠብ እስኪል ትንፋሹን ያዘ፣ ለቀቀ። እሷ እያወራች ቀርጻ ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ስትመጣ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «ሁለት ሠርቻለሁ፣ የወደድሽውን ውሰጂ» አለ፤ የትኛውን እንድታነሣ እንደፈለገ ግን ልቡ ያውቃል።

መጀመሪያ ያነሣችው የእሱን ነበር። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይቺ እያስመሰለች ነው የምታነክሰው» ብላ አስቀመጠችው። ሌላውን አነሣች፣ ዳሰሰች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይቺ ያንተ እጅ ናት። እናታችን ብትኖር በጨለማ ትለያት ነበር።»

ከሱቁ ጣሪያ በታች ያለው ብረት ሁሉ የወደቀበት መሰለው። እህቱ ግን እንባዋን እየጠረገች መልሱን ትጠብቃለች።

«አዎ» አለ። «የእኔ ናት።»

ሐሙስ ልጅቷ ጥንዱን አጥልቃ ሄደች። እሱ የራሱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ገዝቶ ፎቁን ወጣና የመጀመሪያውን ወንበር ያዘ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ትልቅ «ለ» ተሥላለች፤ ታነክሳለች። አሥራ ሁለት ተማሪዎች እየገለበጡ ነው። ረጅም ጊዜ አያትና እጁን አወጣ።

«መምህርት» አለ፣ «የምታጥረው የትኛዋ እግር ናት?»