የወንድሜ ድርሻ

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ከምን እንዳወጣኝ ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። መናገር አልለመድሁም፤ ቃል ቢያጥረኝ ታገሡኝ።

ይርጋ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እኔ ጎሚስታ ቤት እሠራለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ይርጋ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዳቦና በለስላሳ ነው። ስኳር እንዳለበት ሲነገረው፣ "የሹፌር ሆድ የሚሞላው መንገድ ላይ ነው" ብሎ ሳቀ። እንጀራ ሲያገኝም የሚበላው በግራ እጁ ነበር። እናታችን ከገሳይ በመጣች ቁጥር "በቀኝህ ብላ፣ አንተ ልጅ!" ትለው ነበር። ስኳሩ ገደለው። ቀበርነው።

ከልቅሶው በኋላ ብቻዬን ገበታ ላይ ተቀመጥሁ። በእኛ አገር ሰው ከፊቱ ይበላል እንጂ የሌላውን ፊት አይነካም። ከፊቴ በላሁ። የይርጋን በኩል ለመንካት ግን እጄ እምቢ አለ። ይደር ብዬ ከደንሁት። ጠዋት በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ከሥራ ስመለስ ክዳኑ እንዳለ ነው፤ እንጀራው ግን የለም። ከግራ በኩል እየተቆረሰ ተበልቷል። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው የለም፣ ወገኖቼ!

አይጥ ነው አልሁ። አይጥ ግን ክዳን አይመልስም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። እኔም ቀን ቀን ዳቦና ለስላሳ ጀመርሁ። አልወድም ነበር እኮ! ውኃ ጥሙ መጣ፤ ሱሪዬ ሰፋኝ። እናቴ መጥታ ስታየኝ "ያንን ቀበርሁ፤ አንተንም ልቅበር?" ብላ አለቀሰች። እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ጣቴን ሊወጉ ግራ እጄን ያዙ።

"ግራኝ ነህ?" አሉኝ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ጥፍርህ ሥር ያለው ወጥ ምንድን ነው?"

አየሁት። ቀይ ነበር። ጠዋት ምንም መብላቴን አላስታውስም። ቀኝ እጄን አየሁት፤ ንጹሕ ነው።

ሐኪሙም "ስኳርህ እየጨመረ ነው፤ ግን ገና ይመለሳል። ለስላሳውን ተው። ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንችም በልክ፣ ሁሉንም በሰዓቱ ብላ። ዛሬ ይዘህ ነገ የምትጥለው ነገር አይደለም" አሉኝ።

እሺ አልሁ። ቤት ገብቼ ግን ገበታው ፊት ተቀመጥሁ እንጂ አልቆረስሁም። የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆኑት አከራያችን እትዬ ብርቄ ሽሮና ጎመን ይዘው ገቡ። ሁሉን ነገርኋቸው። አልሳቁብኝም። ጸለዩ። ከዚያም "ትሪውን ላዙረው፤ የእሱን በኩል አንተ ትበላለህ" አሉ። ያዙት። አልዞር አለ።

"ልቀቅ!" አሉ።

ሁለቱም እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

"እትዬ፣ እኔ አልያዝሁም።"

"አንተን አይደለም።" የሚያዩት ከትሪው ማዶ ነበር። "ኢየሱስ ጌታ ነው! ልቀቅለት፤ ልጁ ይብላበት።"

ትሪው ዞረ። ሃሌ ሉያ! ማን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም። እያለቀስሁ ከይርጋ ድርሻ ቆረስሁ፤ በቀኜ። ሳልጨርስም "እትዬ፣ የእርስዎን ጌታ እኔም እፈልገዋለሁ" አልሁ።

ክብር ለስሙ ይሁን! ግን ወገኖች፣ በዚያች ሰዓት ነፍሴን አዳነ እንጂ ሥጋዬን የፈወሰው ቀስ እያለ፣ በየዕለቱ ነው። ጠዋት ስኳር የሌለው በሶ እጠጣለሁ። ምሳዬን ሽሮና ጎመን በምሳ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። ጎሚስታ ቤት "ጎመን መጣ!" ይሉኛል፤ ይበሉኝ። አንዳንድ ቀን ለስላሳው ያምረኛል፤ ያን ቀን አጥብቄ እጸልያለሁ። ሐኪሙ ሰሞኑን ለክተውኝ "ተስተካክሏል፤ በዚሁ ቀጥል" አሉኝ። ጌታ ይመስገን! እናቴ "ጴንጤ ሆነህ አሳዘንኸኝ፤ ስትበላ ሳይህ ግን ምን ልበል?" ትላለች። ጸልዩላት።

ዛሬም ብቻዬን ስበላ ከማዶ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ቀና ብዬ አላይም። "ጌታ ሆይ" እልና እጎርሳለሁ።

ከእናንተ መካከል ሐዘን ከገበታ ያራቀው ካለ ጌታን ይመን። የሞተብህን ለእርሱ ስጠው፤ አንተ ግን ብላ። መኖርህ ሟችህን መክዳት አይደለም፣ ወንድሜ። አሜን በሉ!