ክብደቱን እየው

ፓወር ባንኩን የገዛሁት ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ካለ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው። አባቴ ከሀቢቾ ወጣ ብሎ፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ የሚደውልለት እሁድ ከቸርች መልስ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ስልኩ እንዳይዘጋበት ብዬ ነበር።

«ኦርጅናል ነው?» አልኩት ሻጩን።

«ኦርጅናል ቻይና ነው፣ ቲቸር» ብሎ ሳቀ። «ክብደቱን እየው።»

ነገሩን ላብራራ። እኛ ጋ «ቻይና» የአገር ስም ብቻ አይደለም፤ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ሁሉ ቻይና ይባላል። ይህ ልክ አይደለም። ለዓመታት ያላስቸገረኝ ስልኬም የተሠራው እዚያው ነው። ፋብሪካ ነጋዴው ያዘዘውን ይሠራል፤ ርካሽ ላዘዘ ርካሹን። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ገበያ ስንወጣ ግን ድንቹንም ቅቤውንም በእጃችን መዝነን የለመድን ሰዎች ነን። እኔም ፓወር ባንኩን በመዳፌ መዘንኩት፤ ከበደኝ፤ ገዛሁት። አባቴም ሲቀበለኝ እንደኔው መዝኖ «ጥሩ ነው» አለ።

ፓወር ባንኩ ቶሎ እያለቀ በተከታታይ ሁለት እሁድ የአባቴ ስልክ ተዘጋ። ወንድሜ አባቴን ሲያጣው ለእኔ ደወለ። በሦስተኛው እሁድ ራሴ አባቴ ጋ ሄድኩና «ደህና ነው፤ ደውሎልኛል» አልኩት።

አባቴ ፊቴን ትክ ብሎ አየ። «ለጎረቤታችንም እንዲሁ ነበር ያልነው» አለ።

የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሲሞት፣ ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው መርዶውን እስኪነግሩ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ አባትየውን «ደህና ነው» ሲለው ሰንብቷል። አባቴም ብሎታል። የዚያን ጊዜው «ደህና ነው» ከእውነተኛው በምንም አይለይም ነበር። ሳልጠበቅ መምጣቴ ደግሞ ጥርጣሬውን አባሰው። ባብራራ ባብራራ አላመነኝም።

የእኔን ስልክ መሃላችን አስቀምጠን ጥሪውን መጠበቅ ጀመርን። እጄ አላርፍ ሲለኝ የፓወር ባንኩን ክዳን በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጡ አንዲት ትንሽ ባትሪ፣ ከጎኗም በፕላስቲክ የታሸገ አሸዋ አለ። አባቴ ከአሸዋው ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ አሸው።

«ወንዛችን ውስጥ ሞልቶ ሳለ ከቻይና ታስመጣልኛለህ?» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ብሎ ይስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለታችንንም ያሳመነን ክብደት የአሸዋው እንደነበር አሰብኩ። እውነተኛዋ ባትሪ እጅ ላይ መኖሯም አይታወቅም።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። አባቴ ሰላምታም ሳያቀርብ በሀዲይኛ «የቀይዋ ላም የተሰበረው ቀንዷ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ የወንድሜ ሳቅ ተሰማ።

«ግራው ነው፣ አባዬ። የሰበርኩት እኔ፣ የተገረፈው ግን ታናሼ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ይህን አያውቅም ነበር። በርጩማው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ወንድሜን ምን እንደበላ ጠየቀው። የስልኬ ቻርጅ እስኪያልቅ ድረስ አወሩ።