ሰላምታ የነሳኋት ድብ

የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ አካፋ፣ የጎማ ቦት ጫማና የውኃ ጎማ ነው። ድብ በሥዕል ካልሆነ አይቼ አላውቅም ነበር። አለቃዬ ሬይ፣ ትምባሆ የሚያኝክ ረጅም ሰው፣ ወስዶ ሁለት በር አሳየኝ። «አንደኛውን ሳትቆልፊ ሁለተኛውን አትክፈቺ። ከቆለፍሽ በኋላም በእጅሽ ጎትተሽ እዪው» አለኝ። ሌላ ሥልጠና አልነበረም። ወዲያው መጥረግ ጀመርኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ አትላንታ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ያስመጣኝ ቤተ ክርስቲያን ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊነት አግኝቶልኝ ነበር፤ ወገቤ አልቻለውም። ዙ ውስጥ ሥራ አለ ሲሉኝ ዙ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ፤ ለካ የአራዊት ማቆያ ነው። የብራያርክሊፍ ሰፈር ሐበሻ ጎረቤቶቼ «አውሬ ልትቀልቢ ነው ከአገር የወጣሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። አውሬ ጨው በዛበት አይልም።

በድብ ክፍላችን ሁለት ሴት ጥቁር ድቦች ነበሩ፣ ሱ እና ቤል። ትልቋ ሱ ናት፤ ቦታው የሷ ነው። ከኋላ የመኝታ ክፍሎች፣ ከፊት ግንድና ኩሬ ያለው ሰፊ ግቢ አላቸው። ጎብኚ በአጥሩ በኩል ቆሞ ያያቸዋል።

በሁለተኛው ዓመቴ ሹገር መጣች። ገና ጎረምሳ ናት። ያሳደጓት ሚስተር ሆሊስ የሚባሉ፣ ሰሜን ጆርጂያ ተራራ ላይ የነዳጅ ማደያ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። እናቷን መኪና ሲገጫት ግልገሏን ከመንገድ አንስተው በጡጦ አሳደጓት። ስታድግ በሁለት እግሯ ቆማ እጇን እየዘረጋች ከደንበኛ ለስላሳ መለመን ለመደች። በኋላ መንግሥት ፈቃድ የለዎትም ብሎ ወሰደባቸውና ለእኛ ሰጠን።

ሬይ ቁርጡን ነገረኝ። «ለብቻዋ የምናኖርበት ቦታ የለንም። ዳይሬክተሩ ቅጠል እስኪረግፍ ሞክሩ ብሏል። እስከዚያ ከሁለቱ ጋር ካልተስማማች መርፌ ትወጋና እስከወዲያኛው ታርፋለች።»

«ታማለች እንዴ?» አልኩት።

«አልታመመችም። ቦታ የለም ነው የምልሽ።»

ሥራው ጥድፊያ አይወድም። መጀመሪያ ከሱና ከቤል ጎን ያለው ክፍል ውስጥ አስገባናት፤ መሀላቸው የብረት ፍርግርግ አለ። ሽታ እንዲለማመዱ የሷን ጭድ ለእነሱ፣ የእነሱን ለሷ እናነጥፋለን። ቀጥሎ ምግባቸውን ከፍርግርጉ ግራና ቀኝ አስጠግተን እናስቀምጣለን።

ድብ ሲቆጣ በአፍንጫው በኃይል ይተነፍሳል፣ ጥርሱን ያንቋቋል። ይህን የሰማ ሌላ ድብ አንገቱን ደፍቶ ገለል ማለት አለበት። ሹገርን ይህን ማን ያስተምራት? ሱ ጥርሷን ስታንቋቋባት ቆማ እጇን ዘረጋችላት። ለስላሳ መለመኗ ነው።

ፍርግርጉን የከፈትን ዕለት ሱ በጥፊ አጋየቻት። ጆሮዋ ተተረተረ። ሹገር እየጮኸች እኔ ከኋላው ወደቆምኩበት የብረት በር ሮጣ መጣችና አፍንጫዋን በቀዳዳው አሾለከች። ቤልም ተከትላት ደረሰች። ውኃ ረጭተን በመከራ ለያየናቸው።

ሬይ የውኃውን ጎማ እየጠቀለለ «ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምትያት?» አለኝ።

«እንደምን አደርሽ ነው የምላት። ሰላምታ ነው። ለሱና ለቤልም እላለሁ። ሰው ቤት ተገብቶ ዝም ይባላል?»

«ሱና ቤል ጉዳያቸውም አይደለሽ። ይቺ ግን ድምፅሽን ስትሰማ ምግቧን ጥላ ነው የምትመጣው። ሰው እስካለላት ድቦቹ ምን ያደርጉላታል? ተዪው።»

«እኛ አገር ሰላምታ የሚነሳ የተጣላ ሰው ነው» አልኩት።

ትምባሆውን ተፋ። «እንግዲያው ተጣያት።»

ተጣላኋት። ገብቼ ጀርባዬን ሰጥቻት እጠርጋለሁ፤ ምግቧን እሷ ሌላ ክፍል ሳለች አስቀምጬ እወጣለሁ። በፍርግርጉ ሥር እየተከተለች ታለቅሳለች፤ የድብ ልቅሶ የሕፃን ነው የሚመስለው። አንጀቴን በላችው። ሆቴሉ ውስጥ ስሠራ እንግዶቹ ኮሪደር ላይ ግድግዳ የሆንኩ ይመስል ነበር የሚያልፉኝ። እኔም እነሱን ሆኜ ቁጭ አልኩ።

እሷ ልቅሶውን መቀነስ ስትጀምር ሚስተር ሆሊስ ለስላሳ ይዘው ከች አሉ። አጥሩ ጋ ቆመው «ሹገር!» ብለው ተጣሩ። ሱ አጠገብ ባለው ፍርግርግ ሥር ተኝታ የነበረችው ሹገር ተነሥታ ወደ ድምፁ ሮጠች፤ ስትጮኽ ዋለች። የሳምንታት ልፋታችን ገደል ገባ።

ሬይ ዕረፍት ላይ ስለነበር የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ጌታዬ፣ አይምጡ። ከመጡም አይጥሯት።»

«ልጄ ናት እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ። ግን ከድቦቹ ካልተስማማች ይገድሏታል።»

ጠርሙሱን ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱት። «ትረሳኛለች ማለት ነው?»

«እንድትረሳዎት ነው የምንሠራው» አልኳቸው። ሌላ የማለሳልስበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ቢኖረኝም አላለሳልሰውም ነበር።

ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ፍርግርጉን እንደገና ከፈትን። ሬይ የውኃ ጎማውን ይዟል፤ እኔ ከዚያው በር ኋላ ነኝ። ሱ ጥርሷን አንቋቋች። ሹገር ወደኔ ሮጣ አፍንጫዋን በቀዳዳው አሾለከች። ትንፋሿ እጄን ይነካዋል። እንደምን አደርሽ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፌን በእጄ ያዝኩት። ጮኸች። አልመለስኩላትም። ደግማ ጮኸች።

ከዚያ ዞረች። ሱ እየመጣች ነው። ሹገር በዚህ ጊዜ አልቆመችም፣ እጇንም አልዘረጋችም። አንገቷን ደፍታ ወደ ጥግ ገለል አለች። ሱ ጆሮዋን አሸተተቻትና ትታት ወደ ምግቧ ሄደች። ሬይ ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ እንዳላየ ሆነ።

ዳይሬክተሩ መጥቶ አይቶ «ትቆይ» አለ። መጀመሪያ ራቅ ብላ ትከተላቸው ነበር፤ ብርዱ ሲጠና ሦስቱም አንድ ጭድ ላይ ተኙ።

በጸደይ ሚስተር ሆሊስ ተመለሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጎብኚው ኋላ ቆሙ፤ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። አልተጣሩም። ሹገር ከትልቋ ድብ ከሱ ጋር የበሰበሰ ግንድ ትገለብጣለች። ነፋሱ ከእኛ ወደሷ ዞረ። ቀና ብላ አሸተተች፣ ጥቂት ቆየች፣ ወደ ግንዷ ተመለሰች።

«አወቀችን?» አሉኝ።

«አውቃናለች» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ጡረታ እስክወጣ ለሱና ለቤል እንደምን አደራችሁ ስል ኖሬያለሁ፤ ለሹገር አንድም ቀን አላልኩም። ለአዲስ ሠራተኞች እነግራቸው የነበረውም ይህንን ነው፦ ሰው ያሳደገው ድብ አሽቷችሁ ወደ ሥራው ከተመለሰ፣ ሥራችሁን ሠርታችኋል።