የጥቁር ባሕር መሐላ

ይህን ጉዳይ የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ! ትዳርን የሚያህል ነገር በስልክ ጨዋታ ሲናጋ በዓይኑ ያየ ሰው ግን አይስቅም።

እኔ ቡይት ራስ ባለ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቤታችን ደባርቅ ነው። በዚያ ሰሞን እንግዳ የሚባል ጠፍቶ ከጭላዳና ከጉም በቀር የሚመጣብን አልነበረም። የወደድኩት ሰው ዳባት ያስተምራል። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ተዋውቀን ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኳል፤ አባቴም እንደ ወጉ "ዘመድ እናማክርና እንነግራችኋለን" ብሎ ቀጥሯቸዋል። መልስ ሳይሰጥ አብረን ብንታይ አገር ያወራብናል። "እንግዲያው ጨዋታ ላስተምርሽ፤ በኢንተርኔት እንገናኛለን" አለኝ።

ጨዋታው የአውሮፓ ካርታ ላይ ነው። ሰባት ሰው ሰባት አገር ይይዛል። ዕድል የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉም በንግግር ነው። ለዚህኛው በስውር ትጽፊያለሽ፣ ከዚያኛው ትስማሚያለሽ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጦሩ ወዴት እንደሚዘምት ተደብቆ ያዝዛል፤ የሁሉም ትእዛዝ ባንዴ ይገለጣል። ቃሉን ያጠፈ ሰው ምንም አይባልም። ይህን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ከቁብም አልቆጠርኩት።

ለእኔ ቱርክ ደረሰችኝ፣ ለእሱ ሩሲያ። የቀሩት የት አገር እንዳሉ እንኳን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። በእኔና በእሱ መካከል ጥቁር ባሕር አለ። "ማናችንም አንግባበት፤ ባዶውን ይቀመጥ" ብሎ ጻፈልኝ። "ማል!" አልኩት። እኛ ዘንድ ድንበር የሚካለል ሰው ሳይምል ይለያያል እንዴ? "አንቺን ይንሳኝ" ብሎ ላከልኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ፣ ያችን መልእክት ደጋግሜ አነበብኳት። መርከቤንም ተማምኜ ወደ ሌላ ወገን ላክሁ።

ትእዛዙ ሲገለጥ የሎጁ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። የእሱ መርከብ ጥቁር ባሕር መሃል ተጎልቷል። "በስመ አብ!" ብዬ ስጮህ ዘበኛው ጅብ የመጣ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጠ። ስደውልለት "ጨዋታው እኮ ይኸው ነው፣ የኔ ቆንጆ" አይለኝም! "በእኔ ምለህ? በእኔ?" አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በሚቀጥለው ዙር አንካራንም ወሰዳት። ያን ሰሞን ሁሉ ስልኩን አላነሳሁለትም። ልተወው ግን ለአፍታም አስቤ አላውቅም፤ የእኔ ቁጣ ቱግ ብሎ የሚበርድ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ከዳባት መጡ። የሚመሯቸው የንስሐ አባቱ ናቸው፤ መምሬ እንላቸዋለን። አባቴ ጠራኝና "መልሱን ካንቺው አፍ ይስሙት" አለኝ። እሺ ልል ነው የገባሁት። ይህ ምላሴ ግን መች ያስችለዋል! "እኔስ እሺ ነኝ፤ በፊት ግን ባሕሬን ይመልስልኝ" አልኩ።

"የምን ባሕር?" አሉ መምሬ። ደባርቅ ላይ ባሕር ከየት ይምጣ! ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳቸው። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አባቴ እንኳን ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። መምሬ ብቻ አልሳቁም።

"ለመሆኑ ምሏል?"

"ምሏል።"

"በማን?"

"በእኔ። አንቺን ይንሳኝ ብሎ።"

አባቴ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። መምሬ "እስቲ ደውይለት፤ ሁላችንም እንስማው" አሉ። ደወልኩና ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ልጄ፣ ይችን ልጅ ይንሳኝ ብለህ ምለህ ስታበቃ ቃልህን አጥፈሃል ወይ?"

አላልኩም በል፣ ቀልድ ነው በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። በዚያ ጨዋታ ስንቱን ሲዋሽ የከረመ ሰው አይደለም? አንዲት ውሸት ታቅተዋለች?

"አዎ መምሬ። ምያለሁ፤ አፍርሻለሁም" አለ።

መምሬ ጭራቸውን አንስተው ቆሙ። "እሱ ራሱ ፈጣሪ ይንሳኝ ያላትን፣ እኛ ስጡት ብለን ደጅ ልንጠና? አይሆንም። ጥያቄያችንን አንስተናል።" ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ተነሱ።

"ጨዋታ ነው እኮ መምሬ! የስልክ ጨዋታ ነው!" እያልኩ እስከ በር ተከተልኳቸው።

"ባሕሩስ የጨዋታ ይሁን። መሐላ የጨዋታ የለውም፣ ልጄ" አሉኝና ወደ መናኸሪያው ወረዱ። አባቴ ክው ብሎ ቀርቷል። የሴት ወገን እምቢ ብሎ ሽማግሌ ሲመልስ አይቷል፤ የወንድ ሽማግሌ እሺ ተብሎ ጥሎ ሲሄድ ግን በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

ስልኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክፍት ነው። "ሃሎ? ይቆራረጥብኛል! ምን ተባለ? እሺ አላችኋቸው?" ይላል።

አነሳሁትና "ሄዱ! እኔን ያን ያህል ስትዋሽ፣ ዛሬ አንዲት ውሸት ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት?" ብዬ አለቀስኩበት።

"እንዴት ልዋሽ? የዛሬው እኮ ስላንቺ ነው" አለኝ።

ከዚህ ሰውዬ ሌላ እንደማላገባ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን የዳባትን ሚኒባስ ተሳፍረዋል።