በአቀስታ መንገድ ያላላሁት ማሰሪያ

«እማማ፣ ምነው ጥለውን ገቡ? ይንገሩን እንጂ!» ብለው ልጆቹ ያዙኝ። ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ሞተር ሳይክሉን ጭነት መኪና ላይ አውጥቶ በጨርቅ ማሰሪያ ሲወጥረው፣ ያ የብረቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ገባና በሬን ዘጋሁ። ለእነሱ ሳቅ ብዬ አለፍኳቸው። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ገና ሳልዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚሁ መካነ ሰላም የአንድ ነጋዴ ፒካፕ ይነዳ ነበር፤ ከኋላዋ ተሳቢ የሚቀጠልባት። መኪና መንዳት ያኔ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ገበያ ላይ «የሾፌሩ እናት» ሲሏት ሻሿን ታስተካክል ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሞተሩ ተበላሽቶበት ከተማው መሃል ቆመ። ሞተር ስልሽ እንደዛሬዎቹ አይምሰልሽ፤ ወይፈን የሚያክል፣ ግራና ቀኙ የብረት ሣጥን የተንጠለጠለበት። ወንድሜ ደሴ እንዲያደርስለት ፈረንጁ ከነጋዴው ጋር ተስማማ። እኔም አቀስታ አክስቴ ጋ እሄድ ነበርና አብሬ ተሳፈርኩ።

ስድስት ጎረምሶች በሳንቃ ላይ እየገፉ አወጡት። «ኧረ ይሄስ ቢታረድ ለሰርግ ይበቃል!» አለ አንዱ፤ ሳቅን። ፈረንጁ አልሳቀም። የፊት ጎማውን ከተሳቢው ግንባር አስደግፎ በአራት ማሰሪያ ከአራት በኩል ወጠረው። የብረቱን እጀታ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቀጭ ይላል፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለው የሞተሩ ሞላም እየተጨቆነ ይወርዳል። የወንድሜን እጅ ይዞ ሞላው ላይ አሳርፎ አሳየው፤ እንዲህ ታፍኖ ካልሄደ መንገድ ላይ ይዘላል ማለቱ ነው። ለእኔ ግን አንገቱን ደፍቶ የተንበረከከ ከብት መሰለኝ።

አባታችን በበቅሎ ይነግድ ነበር። ልጅ ሆኜ ስከተለው፣ ባረፍን ቁጥር እሱ ውሃ ሳይቀምስ መጀመሪያ የበቅሎዋን መጫኛ ያላላላታል። «ቆማ እንኳ ትተንፍስ» ይላል። እኔ ስለ ጭነት የማውቀው ይችኑ ነው።

ደጋውን እንደወጣን የዙሁር ሶላት ደረሰ። ጉሙ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ የእርጥብ ገብስ ሽታ ይመጣል። ወንድሜ ምንጩ ዳር ውዱእ አድርጎ ሊሰግድ ወረደ፤ ፈረንጁ ራሱን አሞት ጋቢና ውስጥ አንቀላፋ። እኔ ተሳቢው ጋ ቀረሁ። ያን ሞላ አየሁት። እስቲ ትንሽ ይረፍ ብዬ በእኔ በኩል ያለውን የፊት ማሰሪያ እንደምንም ፈልቅቄ አላላሁት። ሞተሩ እፎይ እንዳለ ሰው ብድግ አለ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ።

ስንነሳ መልሼ ላጠብቀው ነበር። ወንድሜ ሰግዶ ጋቢና ገብቶ «ነይ እንጂ እቴ፣ ዝናብ መጣ!» ሲል እጀታውን ያዝኩት። ብታገለው ብታገለው እምቢ አለኝ። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ማሰሪያው ግን እንደላላ ነው። «አላልቼው አልመለስ አለኝ» ማለት ምን ነበረበት? አፈርኩ። በፈረንጅ ፊት ምንም የማታውቅ መባልን ፈራሁ። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልዬ ሸጎጥኩና ገባሁ። ፈረንጁ ነቅቶ ማሰሪያዎቹን ሊያይ በሩን ሲከፍት ወንድሜ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ በእጁ መለሰው። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ወደፊት መንገዱን አየሁ።

ጠመዝማዛው ላይ ተሳቢው ጉድጓድ ገባ። ድምፁን ተይው። ወርደን ስናይ ሞተሩ መንገድ ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ መብራቱ ረግፏል። ሽማግሌው አልጮኸም። ተንበርክኮ የመስታወቱን ስባሪ አንድ በአንድ ባርኔጣው ውስጥ ለቀመ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ማሰሪያውን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«የነካሽው ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

ነጋዴው በዚያው ሳምንት ቁልፉን ተቀበለው። ጭነት ማሰር የማይችል የሚል ስም ከወጣለት ወዲያ መኪናውን የሚያምነው ሰው ጠፋ። በባሕር አድርጎ ሳውዲ ገባ። እናታችንን እንኳ አልቀበረም። ሲደውል «እቴ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ «አልሐምዱሊላህ» እለውና ስለ ሳውዲ ሙቀት እጠይቀዋለሁ። እንዲህ እንዳለን እዚያው ሞተ፣ አላህ ይዘንለት።

ሚስቱ ወደ አገር ስትመለስ ዘንድሮ እኔ ጋ አደረች። ስለዚያ ቀን ይል የነበረውን አንድ ነገር ነገረችኝ። «ሁልጊዜ ወርጄ ጭነቱን ሳላይ አልነሳም ነበር» ይላት ነበር። «ያን ቀን ግን በስፖኪዮ መስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ፣ እህቴ ከማሰሪያው ብረት ጋር ትታገላለች። እያጠበቀችልኝ ነው ብዬ ሳልወርድ ተነሳሁ።»