የፕሪንተሩ አዲስ ዓመት

ትልቁን ፕሪንተር ሀበሻ ያደረገው ሥራ አስኪያጁ ነው። ከእኔ በቀር ቢሮው በሙሉ ቆሞ አይቶታል።

ቢሮው ከቀጨኔ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለ የአንድ እርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። መታከሚያ ያጡ ሰዎች የሐኪም ማስረጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጸሐፊያችን ወረቀቱን በፕሪንተሩ ስካን አድርገው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካሉ፤ ከዚያ ሲፈቀድ በሽተኛው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይወርዳል። እኔ ሌሎች ቅርንጫፎችንም እየዞርኩ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቅ የምል «የአይቲው ልጅ» ነኝ። ኮምፒውተርን ማንም አላስተማረኝም፤ ግጥምንም እንደዚያው። ሁለቱንም እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ለመድኳቸው።

ጸሐፊዋ ሃምሳን አልፈዋል። ማሽኑ ላይ ወረቀት ሲሞሉ እሑድ የዘመሩትን መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ግጥም እንደምጽፍ ካወቁ ወዲህ ስሜን ትተው «ባለቅኔው» ይሉኛል፤ አባባላቸው ውስጥ ትንሽ ፌዝ አለ። ለዓመታት የሠሩት በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የቆመው በዚያ ኮንትራት ነው፤ ኮንትራቱን ደግሞ የሚያድሰው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ማሽኑ በሚያወጣው ኮፒ ሁሉ ግርጌ ላይ ቀን ያትማል። ባለጉዳዮች ወረዳ ሲሄዱ፣ ይህ የፈረንጅ ቀን ነው እየተባሉ ይመለሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ቢሮ በገባበት ቀን ሠራተኛውን ሰበሰበ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወሩን አንድ፣ ዓመቱን 2018 አድርጎ ሞላና በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሀበሻ ነው አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስካን የተደረገ ወረቀት አልሄድ አለ። የበሽተኛ ጉዳይ ስለሆነ ማንም መሃል ገብቶ እንዳያነብ፣ ፕሪንተሩና ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሰርቨር የሚባለው ተቀባይ ኮምፒውተር ወረቀት ከመቀባበላቸው በፊት ሰርተፊኬት ይተያያሉ። ሰርተፊኬት የማሽን መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። እኔ ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ አዲስ አስገባሁ። እምቢ አለ። ሌላ አስገባሁ። በየሙከራው ማሽኑ የስህተት ገጽ ይተፋል፤ እኔም ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ስንኝ እሞነጭርበታለሁ።

ወረቀቱ በታክሲ ይላክ ጀመር። ይዘገያል፣ ይጠፋል። የሕክምና ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች ደጃችን ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው ጥፋቱን በጸሐፊዋ እጅ ያላክክ ጀመር። የእሷ እጅ ያረፈበት ዕቃ አይበረክትም ይላል፤ ሰዉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ኮንትራታቸው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

አንድ ቀን ጠዋት የስህተቱን ገጽ ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን አነበብኩት። ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል አይልም። ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። ማሽኑ 2018ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ወስዶ፣ ራሱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ በአንድ የፈረንጆች ጥር ውስጥ አስቀምጦ፣ እኔ የማመጣለትን መታወቂያ ሁሉ ገና ያልተሰጠ ነው እያለ ይመልሰው ነበር። ቀኑን ማን እንደነካው ጸሐፊዋን ጠየቅኳቸው። የበዓሉን ጭብጨባ እየሳቁ ነገሩኝ፤ መሃል ላይ ሳቃቸውን አቋረጡ።

ቀኑን መለስኩት። የተጠራቀመው ወረቀት ሁሉ ተከታትሎ ሄደ። ጸሐፊዋ ተባረክ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የዋናው መሥሪያ ቤት የኔትዎርክ ኃላፊ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ቢሮው ጠርቶ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ሰውየው በሽተኞች የተጉላሉበትን ጉዳይ ለበላይ ማስረዳት እንዳለበት ነገረንና፣ ከሰርቨሩ መዝገብ ላይ ተዛብቶ ያየውን የማሽኑን ቀን የቀየረው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ያጨበጨቡት ሁሉ እዚያው ነበሩ። ሒሳብ ሠራተኛው ጥፍሩን ያያል። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመረምራል። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። እኔ፣ በአዲስ ዓመት ሰሞን ነው የተቀየረው ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጸሐፊዋ። «ኮፒው ላይ የእኛ ቀን ይሁን ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ...»

«አንተ የዚያን ቀን አልነበርክም» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አደረገ። በለሰለሰ ድምፅ፣ ሰው ነው ይሳሳታል፣ እኛው እንመክራታለን አለ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው እሺ አለ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ለቀቀ፤ እፎይታው ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው ሄድኩ። እውነቱን ደውዬ እናገራለሁ አልኳቸው። ቆሙ። ከዚያ በፊት በእንዲያ ያለ ዓይን አይተውኝ አያውቁም።

«ኮንትራቴን የሚፈርመው ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ አይደለም፣ ልጄ።»

ከተናገርክ ከሥራ የምታባርረኝ አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም አሉኝ። ባለቅኔው አላሉኝም። አልደወልኩም፤ እስካሁን የተናደድኩት በማን እንደሆነ ለራሴም አልለየልኝም።

ኮንትራቱ ታደሰ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ትእዛዝ መጣ፦ ያልተፈቀደለት እጅ እንዳይነካው ፕሪንተሩ በፓስወርድ ይቆለፍ፣ ፓስወርዱም ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ይሰጥ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥሮቹን እንዲይዛቸው አስጠናሁት፤ ቶሎ ያዛቸው።

አሁን ጸሐፊዋ አዲስ የመላኪያ አድራሻ ማስገባት ሲፈልጉ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኩተው ይቆማሉ። ስልኩን እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ይመጣል፤ ቁጥሮቹን በሌላው እጁ ከልሎ ይነካና ባለጉዳዮቹ እየሰሙ፣

«ደግሞ እንዳታበላሺው» ይላቸዋል።

«እሺ፣ ጋሼ» ይሉታል፣ በዕድሜ ለሚያንሳቸው ሰው። እኔ ከማሽኑ ጀርባ አጎንብሼ፣ ምንም ያልሆነ ገመድ እነቅላለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ።