የተማሪዎቼ እናቶች

በደርግ ጊዜ ናዝሬት አስተምር ነበር። ለውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ዕድል የታጩትን ተማሪዎች ለቃለ መጠይቅ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

"ሐኪም መሆን ለምን ፈለጋችሁ ሲሏችሁ ከልብ ተናገሩ" አልኳቸው። "ለምሳሌ፣ እናቴ በወሊድ ስለሞተች ሌሎች እናቶች እንዳይሞቱ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።"

በቀጠሮው ቀን ውጭ ቆሜ ስጠብቅ የጠያቂው ኮሚቴ ሰብሳቢ አስጠራኝ። ስገባ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ጓድ መምህር፣ የእነዚህ ልጆች እናቶች በሙሉ በወሊድ ነው የሞቱት?" አለኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከቡልቡላ ልጃቸውን ተከትለው የመጡ እናት በሩን ገፋ አደረጉ።

"ጫላ፣ አልጨረስክም እንዴ? ምሳህ ቀዘቀዘ እኮ!"

ጫላ መሬት መሬቱን አየ። ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። እባካችሁ ልጆቹን እንደገና ጠይቋቸው" ብዬ ለመንኩ።

"እሺ፣ እንጠይቃቸዋለን" አለ ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ። "ለመሆኑ የእርስዎስ እናት ደህና ናቸው?"

ሁሉም እንደገና ሊስቁ አፍጥጠው አዩኝ።

"ደህና ናት" አልኩ።

እናቴ የሞተችው እኔን ስትወልድ ነው።